ድንች ልትተክሉ ስትነሱ ምኑን ከምኑ ትመርጣላችሁ? በአዲስ አበባ ዙሪያ ላሉ አልሚዎች

ከሆለታ እስከ ሰንዳፋ፣ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ አዲስ አበባን ከቦ ያለው ደጋ ለድንች የተፈጠረ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ቀዩ አፈር ውሃ አያቁርም፤ ሰብሉ በሦስት በአራት ወር ይደርሳል፤ ገበያው ደግሞ ደጃፍ ላይ ነው። ግማሽ ሄክታር ተከራይተው ወይም ከገበሬ ጋር በእኩል ይዘው ድንች የሚጀምሩ ወጣቶች የበዙት ለዚህ ይመስለኛል። ይህን የምጽፈው በዋናነት ለእነሱ ነው። የአባቱን መሬት ለሚያርሰውም፣ ድንቹን ገዝቶ ለሚበላውም የሚሆን ነገር ግን አለበት።

ጀማሪው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው «ስንት ኩንታል ማዳበሪያ ልግዛ? የትኛውን መድኃኒት ልርጭ?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ መምጣት ያለበት በኋላ ነው። መሬቱ ላይ ምን ያህል መድኃኒት እንደሚፈስ፣ ምን ያህል ውሃ እንደሚጠጣ፣ ከምርቱ ምን ያህሉ በስብሶ እንደሚጣል አብዛኛው የሚወሰነው ድንቹ አፈር ከመልበሱ በፊት ነው። የሚወስኑትም ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የመትከያው ወቅት፣ ዝርያውና ዘሩ የተገኘበት ቦታ። ስለዚህ እነዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

አስቀድሞ ግን «ድንች መሬትና ውሃ ይጎዳል ወይ?» ለሚሉ አንድ ነገር ልበል። በዓለም አቀፍ አማካይ ስሌት፣ የዝናቡም የመስኖውም ውሃ፣ ብክለቱን ለማቅለል የሚታሰበውም ጭምር ተደምሮ፣ አንድ ኪሎ ድንች ለማምረት ወደ 287 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። በቆሎ 1,222፣ ስንዴ 1,827 ሊትር ይፈልጋሉ። እርግጥ ድንች ራሱ አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ስለሆነ በኪሎ ማወዳደሩ ብቻውን ሚዛናዊ አይደለም። ለሰው በሚሰጠው ጉልበት ሲሰላ ከበቆሎ ጋር ይቀራረባል፤ ከስንዴ ግን ያኔም ያነሰ ውሃ ነው የሚወስደው። ሰብሉ ራሱ ችግር የለበትም። ጉዳቱ የሚመጣው ከአያያዙ ነው።

ክረምት፣ በልግ ወይስ መስኖ?

በክረምት፣ ማለትም ሰኔ ላይ መትከል ከሁሉም ርካሹ ነው። ውሃው ከሰማይ ይመጣል፤ ለፓምፕ የሚቃጠል ነዳጅ የለም፤ ከጎረቤት ጋር በቦይ ውሃ መጣላት የለም። ነገር ግን የሐምሌና የነሐሴ ጭጋግ የድንች ዋነኛ ጠላት የሚወደው አየር ነው። ባለሙያዎች ሌት ብላይት፣ ገበሬው ምች ወይም ዋግ የሚለው በሽታ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ሙቀት ባለው እርጥብ አየር እንደ እሳት ይዛመታል። በሽታ የማይቋቋም ድንች ከያዘው በሁለት ሳምንት ውስጥ ማሳው ጥቁር ሊሆን ይችላል። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. አየርላንድን በረሃብ የመታው ይኸው በሽታ ነው። የእኛ ደጋ ገበሬዎችም ብዙ ዘመን ክረምትን ትተው በልግና በጋ ላይ የሚተክሉት እሱን ሸሽተው ነው።

በልግ፣ ከየካቲት መጨረሻ እስከ መጋቢት፣ ከምች ያስመልጣል። ምርቱም ገበያ የሚወጣው ድንች በሚያንስበት ሰዓት ስለሆነ ዋጋው ጥሩ ነው። ችግሩ የበልግ ዝናብ እምነት የማይጣልበት መሆኑ ነው። ድንች ከተተከለበት እስኪደርስ ከ500 እስከ 700 ሚሊ ሜትር ውሃ ይፈልጋል፤ በተለይ ፍሬ መያዝ ሲጀምር ከተጠማ የጠፋውን በኋላ በሚመጣ ዝናብ መመለስ አይቻልም።

በመስኖ የሚመረተው ኪስ ይሞላል፤ ግን ከሦስቱ ከባዱን ዋጋ የሚያስከፍለውም እሱ ነው። ጥቅምትና ኅዳር የተተከለ ድንች የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ይጠብቀዋል። አንድ ሌሊት በቂ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ በበጋ የሚቀዳው ውሃ የታችኛው ሰፈር ከብት የሚጠጣው፣ እናቶች በጀሪካን የሚቀዱት ውሃ ነው።

የእኔ ምርጫ እንዲህ ነው። በሽታ የሚቋቋም ዝርያ በእጃችሁ ካለ ክረምት ላይ ትከሉ፤ ለመሬቱም ለውሃውም ከዚህ የተሻለ የለም። ያላችሁ የቆየ የአካባቢ ዘር ከሆነ በልግን ምረጡ፤ ክረምት ላይ አትክሉት፤ ከተከላችሁት ሰኔ የዘራችሁትን ገንዘብ መስከረም ላይ ለመድኃኒት ሻጭ ታስረክባላችሁ። መስኖ ንጹሕና የሚበቃ ውሃ ላለው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ውርጩ ሲያልፍ፣ ወደ ጥር ገፋ አድርጎ ቢተክል ይሻለዋል።

የትኛው ዝርያ?

ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1858 እ.ኤ.አ. አካባቢ ሺምፐር በተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ አማካይነት ነው። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ዘመን የነበሩን ዝርያዎች ጥቂትና ለምች የተጋለጡ ነበሩ። ይህን የቀየረው በዋናነት የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሊማ፣ ፔሩ ከሆነው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል የሚመጡ መስመሮችን (ገና ዝርያ ተብለው ያልተለቀቁ የድንች ዘሮችን) እየፈተነ ለደጋችን የሚሆኑትን ያወጣል። ቀደም ብለው ከወጡት መካከል መናገሻና ወጨጫ የሚባሉ አሉ፤ በሆለታ መንገድ ስታልፉ የምታዩዋቸውን ተራሮች ስም የያዙ ናቸው።

ዛሬ በዚህ አካባቢ በብዛት የምትሰሟቸው ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ ናቸው። ጃለኔ በ2002 እ.ኤ.አ. ሲለቀቅ ምችን ይቋቋም ነበር፤ ገበሬውም ተቀብሎት በፍጥነት ተስፋፋ። በሽታው ግን ራሱን እየለወጠ የሚሄድ ስለሆነ ጃለኔ ያ ጥንካሬው ላልቷል። አሁን ክረምት ላይ ያለ ርጭት ጃለኔን ማብቀል አስቸጋሪ ነው። ጉደኔ በ2006 እ.ኤ.አ. ተለቀቀ። ደረቅ ይዘቱ ጥሩ ስለሆነ ሲቀቀል አይላቀጥም፤ ገበያውም ይወደዋል፤ ምችንም በመጠኑ ይቋቋማል። በለጠ በ2009 እ.ኤ.አ. የተለቀቀ ሲሆን ከሦስቱ በምርት የሚበልጠው እሱ ነው፤ በምርምር ጣቢያ በሄክታር እስከ 470 ኩንታል ሰጥቷል። በገበሬ ማሳ ከዚያ በብዙ ያንሳል፤ ቢሆንም የአገሪቱ አማካይ ምርት 130 እና 140 ኩንታል አካባቢ መሆኑን ስታስቡ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ምችንም ከሌሎቹ በተሻለ ይቋቋማል። ፍሬው ትልልቅ ስለሆነ ለችፕስ ጠባሾች ይመቻል።

ታዲያ የትኛው? ለአካባቢ ጥበቃ ብቻ ካሰባችሁ መልሱ በለጠ ነው። ከአንድ ሄክታር የሁለት ሄክታር ምርት ማግኘት ማለት ሌላ ግጦሽ ወይም ሌላ ቁልቁለት አለማረስ ማለት ነው። ርጭቱም ይቀንሳል። ግን ማሳውን በሙሉ በለጠ እንድታደርጉት አልመክርም። ጃለኔ ላይ የደረሰው ነገ በለጠ ላይም ሊደርስ ይችላል፤ አካባቢው ሁሉ አንድ ዝርያ ከተከለ ደግሞ በሽታው መንገዱን የሚያገኘው ቶሎ ነው። ሁለት ሦስተኛውን በለጠ፣ ቀሪውን ጉደኔ ብታደርጉ ገበያም ታሰፋላችሁ፣ አንዱ ቢታመም ሌላው ይተርፋል። ጃለኔ ያላችሁ ለበልግ አቆዩት።

ዘሩ ከየት ይምጣ?

ከዚህ መመሪያ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህንን አንብቡ።

ብዙ ቤት የሚደረገው ይህ ነው፦ ትልልቁ ለገበያ ይሄዳል፣ መካከለኛው ይበላል፣ ደቃቁ ለዘር ይቀመጣል። ነገሩ ቁጠባ ይመስላል። ግን አንድ የድንች ተክል ደቃቅ ፍሬ ብቻ የሚያፈራው አብዛኛውን ጊዜ ታሞ ነው፤ በቫይረስ የተያዘ ተክል ፍሬው አያድግም። ስለዚህ ደቃቁን ለዘር በመረጥን ቁጥር የታመሙትን እናት ተክሎች እየመረጥን ነው። በጥቂት ዓመት ምርቱ ይወርዳል፣ ገበሬውም «ዘሩ አረጀ» ይላል፤ ቀጥሎም ማዳበሪያ ይጨምራል። የታመመ ዘር ላይ የሚጨመር ማዳበሪያ ግን ተክሉ ስለማይጠቀምበት ወደ ወንዝ የሚሄድ ገንዘብ ነው።

ከገበያ የሚበላ ድንች ገዝቶ መትከል ከዚህም የባሰ ነው። ምክንያቱም ባክቴሪያ አጠውልግ የሚባል በሽታ አለ። በዘሩ ይመጣል፣ በአፈሩ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል፣ በመድኃኒት አይድንም። አንድ ጊዜ የገባበት ማሳ ለድንች፣ ለቲማቲምና ለቃሪያ ለረጅም ጊዜ አይሆንም። ዘር ልትገዙበት ያሰባችሁት ማሳ ላይ ድንቹ ገና አረንጓዴ ሳለ ሂዱና ቀን ቀን የሚጠወልግ ተክል ካለ ፈልጉ። ካገኛችሁ ግንዱን ከሥሩ አጠገብ ቆርጣችሁ ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ የተቆረጠውን ጫፍ ብቻ አስነክታችሁ ያዙት፤ አታነቃንቁት። በሽታው ካለ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከግንዱ ጫፍ ወተት የሚመስል ቀጭን ክር ወደ ብርጭቆው ታች ሲወርድ ታያላችሁ። ያንን ካያችሁ ከዚያ ማሳ አንዲት ፍሬ አትግዙ፤ ለባለቤቱም አሳዩት፣ እሱም የተያዘበትን እንዲያውቅ።

ታዲያ ጥሩ ዘር ከየት ይገኛል? አንደኛው መንገድ ከምርምር ማዕከል ወይም ቁጥጥር ከሚደረግባቸው የዘር አባዥ ማኅበራት መግዛት ነው። ውድ ነው። ለአንድ ሄክታር ወደ 20 ኩንታል ዘር ስለሚያስፈልግ ለግማሽ ሄክታር 10 ኩንታል መግዛት ለጀማሪ ከባድ ሸክም ነው። እኔ ግን ሁሉንም አንድ ጊዜ መግዛት ግድ አይመስለኝም። አንድ ኩንታል ንጹሕ ዘር ብትገዙና ድንች ጨርሶ ባልነካው ጥግ፣ ከሌላው ማሳ ራቅ አድርጋችሁ ብትተክሉት፣ በጥሩ አያያዝ አሥር ኩንታል ሊወጣው ይችላል። በሚቀጥለው ወቅት የግማሽ ሄክታር ዘራችሁ የራሳችሁ ሆነ ማለት ነው። አንድ ወቅት መታገስ ይጠይቃል፤ ትዕግሥቱ ግን ዋጋ አለው።

ሁለተኛው መንገድ ምንም ገንዘብ አያስወጣም። የራሳችሁ ማሳ ሲያብብ በመስመሩ መሃል እየሄዳችሁ ቁመቱ ጥሩ የሆነውን፣ ቅጠሉ ያልተጨማደደውን፣ ቢጫ ያልዘለቀውን ተክል ምረጡና አጠገቡ እንጨት ትከሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ እዩ፤ ከመካከላቸው የታመመ ካለ እንጨቱን ንቀሉ። በመከር ጊዜ እንጨት ያለባቸውን ብቻ አስቀድማችሁ ቆፍሩ፤ ሲቆፈርም ፍሬው ጥቂትና የተበላሸ የሆነውን ወደ ሚበላው መልሱት። የቀረው፣ የእንቁላል መጠን ያለው፣ ለዘር ይቀመጥ። ይህን ለተከታታይ ወቅቶች የሚያደርግ ገበሬ አዲስ ዘር ሳይገዛ ምርቱን ያሻሽላል።

ምርጫው በአጭሩ፦ ዘራችሁ አጠውልግ ከሌለበት ማሳ ከሆነ በእንጨት መምረጡን ቀጥሉ። አጠውልግ ካለበት ግን ምርጫ የለም፤ ያንን ዘር ብሉትና ንጹሕ ግዙ፣ መሬቱንም ቀይሩ።

ምችን በምን እንከላከል?

አንዳንዱ በሽታ ኖረም አልኖረ በየሳምንቱ ይረጫል። አንዳንዱ ማሳው ሲጠቁር ብቻ ይሮጣል። ሁለቱም ኪሳራ ነው። በየሳምንቱ የሚረጨው ገንዘቡን፣ ሳንባውንና ጅረቱን ይጎዳል። ከጠቆረ በኋላ የሚረጨው ደግሞ የሞተውን ነው የሚያክመው።

የሚሻለው ማየት ነው። ከሐምሌ መጀመሪያ ጀምሮ በማለዳ፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ የታች ቅጠሎችን ገልብጣችሁ እዩ። ቡናማ ነጠብጣብ ካለና በጠርዙ ዙሪያ ከሥር በኩል ነጭ አመድ የመሰለ ነገር ከታየ ምች ነው። ነጩ ከሌለ በድርቅ ወይም በንፋስ የተቃጠለ ሊሆን ይችላል፤ ለእሱ አትርጩ። በሽታው ጎረቤት መንደር መድረሱን ስትሰሙም እንደ ደረሰባችሁ ቁጠሩት።

መድኃኒቶቹ በሁለት ይከፈላሉ። ማንኮዜብ ቅጠሉ ላይ ተለጥፎ የሚከላከል ነው፤ ከበሽታው በፊት ካልተረጨ ብዙ አይረዳም፣ ዝናብም ያጥበዋል። ሪዶሚል ደግሞ ማንኮዜብ ከሜታላክሲል ጋር የተቀላቀለበት ሲሆን ሜታላክሲሉ ተክሉ ውስጥ ይገባል። ጠንካራ ነው፤ ግን ደጋግመው ሲረጩት በሽታው ይለምደዋል። ስለዚህ በማንኮዜብ ጀምሩ፣ ሪዶሚልን በሽታው እውነት ሲገባ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ተጠቀሙ። በለጠ የተከለ ሰው ብዙ ጊዜ በጥቂት ርጭት ይወጣዋል፤ የቆየ ዘር ክረምት ላይ የተከለ ግን ማቆሚያ የለውም። ዝርያው ላይ ያን ያህል የተከራከርኩት ለዚህ ነው።

ያለ መድኃኒትም የሚሠሩ ነገሮች አሉ። ካለፈው ወቅት ማሳው ዳር ተጥሎ የሚያጎነቁል የድንች ክምር የበሽታው መፈልፈያ ስለሆነ ይቀበር። ጥልቅ አድርጎ አፈር ማስታቀፍ፣ ማለትም ግንዱ ሥር አፈር መከመር፣ በዝናብ ከቅጠል የሚታጠበው በሽታ ፍሬው ጋ እንዳይደርስ ያደርጋል። መከር ሲደርስ ደግሞ ግንዱን አጭዶ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ቆዳውን ያጠነክረዋል፤ ሲጫን አይላጥም፣ መጋዘን ሲገባም ቶሎ አይበሰብስም።

አንድ ነገር ያሳስበኛል። ከእንጦጦና ከወጨጫ የሚወርዱት ጅረቶች የሰው መጠጥ ናቸው፤ የገፈርሳ ግድብም እዚሁ ምዕራብ በኩል ነው። የርጭት መሣሪያውን ምንጭ ላይ አጥቦ፣ ባዶውን ከረጢት ሣር ውስጥ ጥሎ መሄድ በብዛት የሚታይ ነገር ነው። መሣሪያው ማሳው ውስጥ ይታጠብ፤ እጣቢው ያው ማሳ ላይ ይረጭ። የረጨ ሰው ልብሱን ሳይቀይር ልጅ አይቀፍ።

ማዳበሪያ፦ ከረጢት ወይስ ፍግ?

«ተፈጥሯዊ ብቻ» የሚሉ ወዳጆቼን አከብራለሁ፤ ስሌቱ ግን እንዲህ ነው። ድንች በሄክታር ወደ 100 ኪሎ ናይትሮጅን ይፈልጋል ብንል፣ ጥሩ ኮምፖስት ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አንድ በመቶ ገደማ ስለሆነ 100 ኩንታል ደረቅ ኮምፖስት ይጠይቃል። ከዚያም ውስጥ በመጀመሪያው ዓመት ተክሉ የሚያገኘው ከፊሉን ብቻ ነው። ሁለት ላም ያለው ቤተሰብ ይህን አያወጣም። በዚያ ላይ በሱሉልታም በወልመራም ፍጉ ኩበት ሆኖ ይነዳል፣ ወይም ለከተማ ይሸጣል። እናቶች ሌላ ማገዶ እስካላገኙ ድረስ «ፍጉን መሬት ላይ አድርጉት» ብሎ መምከር ቀላል አይደለም። ባዮጋዝ ያስገቡ ቤቶች ሁለቱንም ያገኛሉ፤ እሳቱንም፣ የሚወጣውን ዝቃጭም ለማሳ። አቅሙ ላለው ከምንም በላይ የምመርጠው ይህን ነው።

በሌላ በኩል ዩሪያን ማብዛት መፍትሔ አይደለም። ብዙ ዩሪያ ዘግይቶ የገባበት ድንች ቅጠሉ ጥቅጥቅ ይላል፣ ምች ይወደዋል፣ ፍሬውም ውሃ ውሃ ይላል። አፈር ውስጥ ከሚገባው ናይትሮጅን አንድ በመቶ ያህሉ ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ወደ አየር ይወጣል ተብሎ ይሰላል፤ ይህ ጋዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 270 እጥፍ ያሞቃል።

ስለዚህ ማደባለቅ። ያላችሁን ኮምፖስት ማሳው ላይ ከመበተን በመስመሩ ውስጥ፣ ከዘሩ ሥር አድርጉት፤ ጥቂቱ ብዙ ይሠራል። ያልበሰለ ትኩስ ፍግ ግን አረምና እከክ ያመጣልና አይግባ። ኤንፒኤሱ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለበት ማዳበሪያ) በተከላ ጊዜ ይግባ። ዩሪያው ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ በተከላ፣ ግማሹ አፈር በማስታቀፍ ጊዜ ይሰጥና ወዲያው አፈር ይልበስ። ካለፈው ዓመት ባቄላ የነበረበት መሬት ከሆነ ዩሪያውን መቀነስ ትችላላችሁ።

የአፈርን አሲዳማነት የሚቀንሰውን ኖራ በተመለከተ፦ ከአገሪቱ የእርሻ መሬት 43 በመቶ ገደማው አሲዳማ ነው ይባላል፤ የወልመራና የሆለታ ቀይ አፈርም በዚህ ይታወቃል። ድንች ግን አሲዳማነትን ከገብስና ከባቄላ በተሻለ ይችላል፤ ኖራ በተጨመረበት ዓመት ከተተከለ ደግሞ ቆዳው ላይ እከክ ይወጣበታል። ኖራው የባቄላ ወይም የገብስ ዓመት ላይ ይጨመር። ድንች ወደ ያው ቦታ የሚመለሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ይሁን።

እዚህ ላይ የመሬት ኪራዩ ጉዳይ ይመጣል። ለአንድ ወቅት የተከራየ ሰው ለምን ብሎ ኮምፖስት ያስገባል? ለምንስ ያፈራርቃል? በተለይ ሸገር ከተማ ከተመሠረተ ወዲህ በዙሪያችን ያለው መሬት ነገ ምን እንደሚሆን ማሰብ የሁሉም ጭንቀት ሆኗል። ቢሆንም የምትችሉ ከሆነ ውሉን ቢያንስ ለሦስት ዓመት አድርጉት፤ አንዱን ዓመት ድንች፣ አንዱን ባቄላ፣ አንዱን ገብስ። ባለመሬቱም መሬቱ ሳይደኸይ ይመለስለታል።

ውሃ

በቦይ የሚጠጣ ማሳ ከሚለቀቀው ውሃ ወደ 60 በመቶው ብቻ ለተክሉ ይደርሳል፤ በጠብታ መስኖ ወደ 90 በመቶ። ጠብታው ይሻላል ማለት ቀላል ነው፤ ግን ለግማሽ ሄክታር ድንች ዋጋው ከባድ ነው፣ ቱቦውም በየወቅቱ ይነሳል። ገንዘቡ ከሌለ ቦዩን አጭርና ደረጃውን የጠበቀ ማድረግ፣ ማታ ወይም ማለዳ ማጠጣት ብዙ ያድናል።

በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ግን አታጠጡ። የቆዳና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ዝቃጭ፣ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽም የሚገባበት ውሃ ነው። ከባድ ብረቶችን በብዛት የሚሰበስቡት እንደ ሰላጣና ቆስጣ ያሉ ቅጠላ ቅጠሎች ናቸው፤ ድንች ሊያንስበት ይችላል። ግን አፈሩ ይመረዛል፣ የሚያጠጣውም ሰው እግሩን ነክሮ ነው የሚውለው። አማራጭ ከሌለ ክረምትን ጠብቁ።

ማከማቸት

የሚበላውና የዘሩ ድንች በፍጹም አንድ ቦታ አይቀመጡ፤ የሚፈልጉት ተቃራኒ ነገር ነው። ዘሩ ብርሃን ይፈልጋል፦ በእንጨት መደርደሪያ ላይ በስሱ ተደርድሮ፣ ጣሪያ ያለው፣ ጎኑ ክፍት የሆነ፣ ቀጥታ ፀሐይ የማይመታው ቤት ውስጥ። እዚያ ሆኖ አረንጓዴ ይሆናል፣ አጭርና ወፍራም ጉንቁል ያወጣል፤ ሲተከል አይሰበርም፣ እኩል ይበቅላል። ጨለማ ውስጥ የቆየ ዘር ግን ረጅም ነጭ ጉንቁል አውጥቶ ጉልበቱን ይጨርሳል።

የሚበላው ጨለማና ንፋስ ይፈልጋል። አረንጓዴ የሆነ ድንች ሶላኒን የሚባል መርዝ ያዘለ ነው፤ በመቀቀልም አይጠፋም፤ ለልጆች ፈጽሞ አይሰጥ። ብዙ ገበሬ ዋጋ እስኪወጣ ድንቹን መሬት ውስጥ ይተወዋል። በደረቅ ወቅት ለአጭር ጊዜ ይሠራል፤ አፈሩ ሲሰነጠቅ ግን የድንች እሳት እራት ይገባበታል፣ ዝናብ ከመጣም ይበሰብሳል። ከዚያ ይልቅ ጎረቤታሞች ተሰብስበው አንድ ጨለማና አየር የሚገባበት መጋዘን ቢሠሩ እመርጣለሁ።

ገበያው፣ ለሚሸጠውም ለሚገዛውም

አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ከፒያሳ ወደ ጃን ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ሃይሌ ጋርመንት ከተዛወረ ወዲህ ለሰበታ በኩል ቀረብ ብሏል፤ ለሱሉልታና ለሰንዳፋ ግን ከተማውን ማቋረጥ ነው። ለእነዚህ የቅዳሜና እሁድ ገበያዎችና የሸማቾች ማኅበራት የተሻሉ ናቸው፤ ደላላውም ይቀንሳል።

«የቅርቡ ከሻሸመኔው ይሻላል፣ ነዳጅ ይቆጥባል» ሲባል እሰማለሁ። 50 ኩንታል የጫነ አይሱዙ በመቶ ኪሎ ሜትር 20 ሊትር ናፍጣ ቢያቃጥል፣ 250 ኪሎ ሜትር ሲመጣ በኪሎ ድንች 10 ሚሊ ሊትር ነው። ትንሽ ነው። የቅርቡ ድንች እውነተኛ ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ጆንያው ከአፉ በላይ ተቆልሎ፣ ሰው ላዩ ተቀምጦበት ሌሊቱን ሙሉ ስላልተንገላታ ሳይቆስል ይደርሳል። የቆሰለ አንድ ፍሬ ጆንያውን ያበሰብሳል፤ የበሰበሰው ድንች ደግሞ ውሃውን፣ ዩሪያውንና መድኃኒቱን ይዞ ነው የሚጣለው። ለዚህ ስትጭኑ ጆንያውን አትቆልሉት፤ ገዢውም ለቁልሉ ብሎ ዋጋ አያስቀንስ።

የምትገዙ ደግሞ አፈሩ ያልታጠበውን ምረጡ። የታጠበ ድንች ያብለጨልጫል፤ ግን በየት ውሃ እንደታጠበ አታውቁም፣ እርጥበቱም ቶሎ ያበሰብሰዋል። አፈሩ ደረቅ ሆኖ፣ ቆዳው በአውራ ጣት ሲፈተግ የማይላጥ፣ አረንጓዴ ያልነካው ከሆነ በጨለማ ማዕዘን ውስጥ ሳምንታት ይቆይላችኋል። ዝርያውንም ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ ከየት እንደመጣ ጠይቁት፤ ገዢ መጠየቅ ሲጀምር ነጋዴውም ገበሬውን ይጠይቃል።